ምስሉ አልመጣም ነበር

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። የገበያ ቀን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደብረ ብርሃን ላይ ካፊያና ነፋስ ይፈራረቃሉ፤ የዚያን ቀንም እንደዚያው ነበር። ወንድሜ ከገበያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ሬዲዮ ይጠግን ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እጠብቃለሁ። ሥራ ስላልነበረኝ እሱ ጋ እውላለሁ። ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ «ተማሪው» ይለኛል።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እዚህ ድረስ እደርስና ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ከሐዘን የተነሣ አይመስለኝም፤ ሐዘኑን ለምጄዋለሁ። ንዴቱን ነው ያልለመድኩት። እንግዲህ እየተቆራረጠም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከአልዩ አምባ የመጡ አንድ ነጋዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሬዲዮናቸው ዝም ብሎባቸው በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጥተዋል። ወንድሜ ሆዱን ከፍቶ እየነካካ፣ ባትሪው ፈስሶ ውስጡን እንደበላው ነገራቸው። ነጋዴው ለበሬዎቻቸው እንኳ እንደዚህ ሬዲዮ አልተጨነቁም፣ አሮጌ ባትሪ ግን ፀሐይ ላይ አስጥተው መልሰው ይከቱበታል። ወንድሜ በዚህ እየሳቀባቸው ሳለ የቀበሌው ዘበኛ በሩ ላይ ቆመ። አሮጌ ካፖርት የሚለብስ፣ የድሮ ወታደር ነው።

«ሊቀመንበሩ ይጠሩሃል» አለው። «ቴሌቪዥኑ ታሟል።»

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ማታ ሰውየው ያወራል፤ ሰውየው ግን የለም።»

ነጋዴው ሳቁ። «ምስል የሌለው ቴሌቪዥንማ ሬዲዮ ነው» አሉ። «ሬዲዮ ደግሞ የኔ ቀድሞ መጥቷል። ተራ ይያዝ።»

«መንግሥት ተራ አይዝም፣ አባቴ» አለ ወንድሜ ዊንጮቹን እየሰበሰበ። ዊንጭ የሚለው ሁሉንም ነበር፤ መፍቻውንም፣ ጉጠቱንም።

«ሂድ እንግዲህ። ሬዲዮዬን ሳትጨርስ ብትቀር ግን ዱዓዬን አታገኝም።»

ተከተልኩት።

የቀበሌያችን ቴሌቪዥን አንድ ነበረች። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ማታ ማታ ዘበኛው ሣጥኑን ሲከፍተው ሰፈሩ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ያያል። ምስሉ ሲደክም አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጣራል። ቀኝና ግራ ማለት ጣሪያ ላይ ላለ ሰው አይሠራም፤ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ከታች ማን ያውቃል? ስለዚህ በአገር ስም ነበር የምንጣራው። ወደ አንኮበር! ትንሽ ወደ ሰላ ድንጋይ! መልሰው፣ ወደ አዲስ አበባ! ከዚያ ከውስጥ «መጣ» ይባላል፣ ወይ «ሄደ»። ልጅም ሽማግሌም ይህን ያውቃል። ቴሌቪዥን ከተበላሸ የሚበላሸው አንቴናው ነው። ሌላ ነገር ያለው መሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ከፈታት። ስርጭት ገና አልተጀመረም፣ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ፣ ሽሽታው ግን ወጣ። መስታወቱ ጥቁር ነው። ብርሃን የሚጨምረውን እጀታ እስከ ጥጉ አዞረው፤ ያው ጥቁር። «ተማሪው፣ ክንድህን አምጣ» አለኝና ክንዴን መስታወቱ አጠገብ አስጠጋው። መስታወቱ ኃይል ቢኖረው ፀጉሬ መቆም ነበረበት አለ። አልቆመም። ከኋላ ባሉት ቀዳዳዎች አየ። ከመስታወቱ ኋላ ባለው የምስል ቱቦ አንገት ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ እሳት በርታለች። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለ። ነቅሎም ቢሆን ቶሎ እጁን አልሰደደም። አንድ ሽቦ ከብረቱ ጋር አሰረና በሽቦው ጫፍ የቱቦውን ትከሻ ነካው። ብልጭ ይላል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም አላለም።

«ይኸው» አለ። «እሳቷ አለች። መስታወቱን የሚያበራው ትልቁ ኃይል ግን የለም።»

ከውስጧ አንዲት ዕቃ ፈትቶ አወጣ። አንድ ጎኗ ጠቁሯል። አስሸተተኝ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ትሸታለች። አዲስ መግዛት እንጂ መጠገን አይቻልም፣ አዲስ ደግሞ አዲስ አበባ እንጂ እዚህ አይገኝም አለ። መልሶ አሰራት።

ሊቀመንበሩ ገባ። ካኪ የሚለብስ ረጅም ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ብዙ ሰው ስለሚጮህ ነው የሚፈራው፤ እሱ ስለማይጮህ ነበር የሚፈራው። በማግስቱ፣ እሑድ ወደ ማታ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ ንግግር እንደሚተላለፍ፣ ነዋሪው ሁሉ እንዲገኝ እንደታዘዘ፣ ከአውራጃም እንግዳ እንደሚመጣ ነገረን። ከዚያ አንቴናው ታይቶ እንደሆነ ጠየቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የአንቴና አይደለም» አለው ወንድሜ። «አንቴና ቢሆን ጉንዳኑ ይታይ ነበር።» ጉንዳን የምንለው ያ ነጭና ጥቁር ሆኖ የሚርመሰመሰውን ነው። «ይኸ መስታወቱ ራሱ አልበራም። ያልበራ መስታወት ላይ አንቴና ምን ያደርጋል?»

«ባለፈው ሲጠፋ አንቴናውን ስታዞር መጣ።»

«ያኔ በርቶ ነበር።»

«እሺ። ምን ትፈልጋለህ?»

ወንድሜ የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ከሰዓት በሚሄደው አውቶብስ ሄዶ፣ ዕቃውን ከሚያውቀው ሰው ቤት ተቀብሎ፣ እሑድ ከስብሰባው በፊት እንደሚመለስ ተናገረ። እንደ ምንም ነገር ነበር የተናገረው።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ምልመላ ሲደርስ ዕቃው ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚገኘው፣ አይደል?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ወጣቶችን የሚመርጠው ቀበሌው ነበር። ወንድሜ ሁለት ዙር ታልፏል። ቴሌቪዥኗንና የስብሰባውን ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ሌላ ሰው ስላልነበረ «ለቀበሌው የሚያስፈልግ ባለሙያ ነው» ብለው ነበር የተዉት። ሦስተኛው ዙር ደርሶ ነበር። ሰውየው ወንድሜ ሊጠፋ ብልሽት የፈጠረ መሰለው። ወይም እንዲመስለው ፈለገ። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ የትኛውም ቢሆን ያው ነው።

«ነገ ምስሉ ከመጣ» አለ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ «አንተ የቀበሌው ባለሙያ ነህ። ካልመጣ እንደ ማንኛውም ወጣት ነህ። በል አንቴናህን አስተካክል።»

ወደ ሬዲዮ ቤቱ ስንመለስ ወንድሜ ቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። ለነጋዴው ሬዲዮናቸውን ጨርሶ ሰጣቸው። የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር» አሉ። «አሁን ንጉሡ ሄደና ለየሰፈሩ አንዳንድ አደሉን።» ወንድሜ ያኔ ሳቀ። የሳቀውን አስታውሳለሁ። ሰውየው እሱ ስለሳቀ እየሳቁ ሬዲዮዋን አቅፈው ወደ ቁልቁለታቸው መንገድ ሄዱ።

ቤት ስንገባ እናቴ ነገሩን ከኛ በፊት ሰምታለች። በሰፈራችን ወሬ ከሰው ይቀድማል። ለወንድሜ በሌሊት ተነሥቶ አንኮበር እንዲሄድ ነገረችው። አጎታችን እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ደብር የሚያገለግል ቄስ ነው፤ ይደብቀዋል አለች። ወንድሜ እራቱን እየበላ አዳመጣት።

«እኔ ብጠፋ ተማሪውን ነው የሚወስዱት» አላት።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። አንዳንድ ቀን በእሱም እናደዳለሁ። ሂድ ስትባል ለምን አልሄድክም እለዋለሁ። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ እግር ነበረኝ፣ እኔም መጥፋት እችል ነበር። ሁለታችንም መጥፋት እንችል ነበር። እሱ ግን ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ዘጋው፤ እራቱንም ጨረሰ፤ ተኛም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባራ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ወጣች። አዳራሹ ሞልቷል። ሰው በጋቢው ተጠቅልሎ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ከአውራጃ የመጡት ሁለት ሰዎች ከሊቀመንበሩ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ቴሌቪዥኗም ተከፈተች። ሙዚቃ ወጣ። መስታወቱ እንደ ትናንቱ ጥቁር ነው። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያስረዳ ሞከረ። እንግዶቹ ባሉበት በትሕትና ነበር የተናገረው። ሊቀመንበሩ አላስጨረሰውም። በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ።

መሰላሉን እኔ ያዝኩ። ቆርቆሮው ዝናቡን ጠጥቶ ያብለጨልጭ ነበር። ወንድሜ ጫማውን አወለቀ፤ በባዶ እግር ይሻላል አለ። መሰላሉን ሲወጣ ወደ ታች አየኝና «ተማሪው፣ ጠንቅቀህ ተማር» አለኝ። «ምስሉ የጠፋበትን ምክንያት ጣሪያ ላይ እንፈልጋለን።»

አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ታስሮ፣ ግንዱ ከአዳራሹ ጫፍ ግድግዳ ጋር የተያዘ ነበር። ለማዞር በጣሪያው አናት ላይ እስከ ጫፍ መሄድና ግንዱን በሁለት እጅ ማቀፍ ያስፈልጋል። እየተንፏቀቀ ደረሰ። ግንዱን ይዞ ገፋው፤ ዞረ።

ዘበኛው በር ላይ ነበር። ከውስጥ የሊቀመንበሩን ቃል ተቀብሎ ወደ ውጭ ይጮኻል። እኔ መስታወቱ አይታየኝም። የማየው ዘበኛውንና የወንድሜን እግር ብቻ ነው።

መጀመሪያ «የለም» ተባለ። «ወደ አዲስ አበባ!» አዞረ። «የለም።» ከዚያ ዘበኛው ገብቶ ወጣ፣ ወጥቶም በሩ መሐል ቆመ። «መጣ!» አለ። «መጣ፣ መጣ! እዚያው!»

ወንድሜ ከላይ ሆኖ ወደ እኔ አየ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ስም ልሰጠው አልችልም። ለአንድ አፍታ «ተሳስቼ ነበር እንዴ?» ያለ መሰለኝ። ዘበኛው ተመልሶ ገባ። «ሄደ» ተባለ ከውስጥ። ዘበኛው እንደገና ወጣ። «መጣ! አሁንም መጣ! ትንሽ ወደ አንኮበር!» አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ማጨብጨባቸውን አልረሳም። «ጨምር! ወደ አንኮበር!»

ግንዱ ወደ አንኮበር በቀላሉ አይዞርም፤ ማሰሪያው ይይዘዋል። ወንድሜ እግሩን ከጣሪያው አናት ወደ ጎን አውርዶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። እግሩ ሸሸ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የወጣው ድምፅ አጭር ነበር። ከአዳራሹ ጎን፣ ውሃ እንዳይቦረቡረው ብለው ድንጋይ ያነጠፉበት ቦታ ላይ ወደቀ።

ቃሬዛ አልነበረም። የአንድ ክፍል በር ነቅለው በእሱ ተሸከምነው። ሆስፒታል ሳንደርስ አለፈ። ይህንን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከመምሸቱ በፊት እድሩ ድንኳን ተክሎ ነበር። ሰው መጣ። ሊቀመንበሩም መጣ። ቆቡን አውልቆ እናቴ ፊት በርከክ አለ። ሁሉም እንዲሰማው ነበር የተናገረው፣ ድምፁ ግን ያው ቀስ ያለው ነው።

«እናታችን፣ ልጅዎ ግዳጁን ፈጽሞ ነው የወደቀው። ምስሉ መጥቶ ነበር። ሁላችንም በዓይናችን አየን።»

ሰዉ «እውነት ነው» አለ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹ አዝለውናል። እውነት ነው፣ መጥቶ ነበር፣ አምጥቶት ነው አሉ። እናቴ የሰውየውን እጅ ይዛ ሳመችው። እኔ እያየሁ ነው የሳመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሠርቶታል፣ አይደል? ሠርቶት ነው የሄደ» ትለኝ ጀመር። ምን ልበላት? መስታወቱን አላየሁም። የጠቆረችውን ዕቃ ግን ቅዳሜ አሽትቻታለሁ። የሞተች ነገር እሑድ በግንድ ስለተዞረች አትነሣም።

ሰኞ ጠዋት አልቃሿ መጣች። በኛ ሰፈር ለቅሶ ያለ እሷ አይሆንም። ስለሟቹ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ሠራ፣ እንዴት ሞተ። ከዚያ በግጥም ታወርደዋለች፤ ሴቶቹ እየተቀበሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እሷ ያለችው ነው የሚቀረው። ሰው በተቀበረ በስንት ዓመቱ፣ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ፣ እሷ ያወረደችው ሙሾ ይነሣል፤ ሟቹን ያላወቁት እንኳ በእሱ ያውቁታል። አጎቴም በሌሊት ከአንኮበር ደርሶ በጥግ ተቀምጦ ነበር። አልቃሿ ከእናቴም ከጎረቤቶቹም ጠየቀች። የነገሯትን ነገሯት። ተነሣች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«የጨለመ መስታወት አብርቶ ለሰው፣
እሱ ራሱ ጨለመ ጣራ ጨረሰው።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እናቴም ተቀበለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሊቀመንበሩ በቀብር ሊገኝ ማልዶ መጥቷል፤ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ግጥሙን ወዶታል። እንግዲህ ወንድሜ በዚህ ነው የሚታወሰው። በሰውየው ውሸት ነው የሚለቀሰው። እሱ አይበራም እያለ፣ አብርቶ ሞተ ተብሎ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ለቅሶ ቤት አልመጣም ነበር። ሲያየኝ ተነሣ፣ ካፖርቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ። ምን እንዳየ ጠየቅሁት።

«እኔ ምኑን አያለሁ?» አለኝ። «ጀርባዬን ሰጥቼ አይደል የምጮኸው? ጓድ ሊቀመንበር መጣ ሲሉኝ መጣ አልኩ። ገብቼ ሳየው የለም። ሄደ ይሉኛል። ስወጣ ደግሞ መጣ ይሉኛል።»

«አባባ፣ እርስዎ ሲወጡ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ስወጣ።»

ቁልፉን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። ሣጥኑን ከፍቼ፣ ቴሌቪዥኗን ከፍቼ፣ ከፊት አግዳሚው ላይ፣ ሊቀመንበሩ በተቀመጠበት ቦታ ተቀመጥኩ። ሽሽታ። ጥቁር መስታወት። ዘበኛውን በሩ መሐል እንዲቆም ነገርኩት። ቆመ። የውጪው ብርሃን መስታወቱ ላይ አረፈ፣ በብርሃኑ መሐልም የካፖርቱ ጥላ ተነሣ። እጁን ሲያነሣ ጥላው እጁን አነሣ። ወደ ውስጥ እንዲገባ ነገርኩት። ጥላው ሄደ።

ያ ነው ምስሉ። በጥቁር መስታወት ላይ የዘበኛ ጥላ። ለዚህ ነው ያጨበጨቡት። ሊቀመንበሩ ጥላ አይቶ መጣ አለ፤ ሊቀመንበሩ መጣ ካለ ማን አልመጣም ይላል? አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ አዳራሽ ሙሉ ዓይን። አንዱ እንኳ በሹክሹክታ «ኧረ ጥላ ነው» ቢል ወንድሜ ከዚያ ይወርድ ነበር። ለምልመላው ይሄድ ነበር ይሆናል። ምናልባት እዚያ ይሞት ነበር፣ ምናልባት አይሞትም ነበር። እኔ በኋላ ሄጄ ተመልሻለሁ። የሚመለስ አለ።

ቴሌቪዥኗን ከሣጥኑ አወጣሁና ተሸከምኳት። ከባድ ናት። ዘበኛው «ኧረ ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» እያለ ተከተለኝ። ይህን ካደረግሁ በሦስተኛው ዙር የሚሄደው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ወንድሜ እኔን ሊያስቀር ነው የወጣው፤ እሱንም አስቤዋለሁ። አስቤው አልቆምኩም።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አልቃሿ አቆመች። መሐል ካለው ወንበር ላይ ሰው አስነሥቼ ቴሌቪዥኗን አስቀመጥኳት፤ መስታወቷን ወደ ድንኳኑ በርና ወደ ሽማግሌዎቹ አዞርኩት። ወንድሜ የሠራትን ማራዘሚያ ከቤት ስቤ ሰካሁ። ሽሽታው ወጣ። አንድ አሮጊት አማተቡ።

«ምን ማለት ነው ይኸ?» አለ አጎቴ። «ልጄ፣ ሬሳ አለ እኮ።»

ሊቀመንበሩን አየሁት። እሱ ቴሌቪዥኗን ነበር የሚያየው። በመስታወቱ ላይ ከጀርባው ካለው የድንኳን በር የሚገባው ብርሃን ነበር፣ በብርሃኑ መሐል እሱ ራሱ ነበር። ካኪው፣ ትከሻው፣ ራሱ። ነቅነቅ ሲል ነቅነቅ አለ። ሁሉም አዩት።

«ትናንት ያያችሁት ይኸንን ነው» አልኩ። ድምፄ ጥሩ አልነበረም። «አባባን ነው ያያችሁት። በር ላይ ቆመው ሲጮኹ። ወንድሜ አይበራም ብሏችሁ ነበር። አልበራም።»

ጎረቤቶቻችን መሬት መሬት አዩ። ሊቀመንበሩ ወደ ሰዉ ዞሮ «ሐዘን ነው የሚያናግረው» አለ፤ እንደሚያዝንልኝ ሆኖ። ከዚያ ዘበኛውን ጠራ። ለምን ንብረት እንዳስወጣ ሊጠይቀው ነበር መሰለኝ። ዘበኛው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ እናቴ ነበር የሚያየው።

«እመቤቴ፣ አልመጣም ነበር» አላት። «በኔ አፍ ነው መጣ የተባለው። ግን አልመጣም ነበር።»

እናቴ ዘበኛውን አየችው፣ ከዚያ ቴሌቪዥኗን። ሽሽታው ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ በከንቱ ሞተ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ሌላ ማለት እችል ነበር። አጎቴ በዓይኑ እየለመነኝ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለሷ ብዬ እዋሽ ነበር። የዚያን ቀን አልቻልኩም።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ወደ አልቃሿ ዞረች። «እትዬ» አለቻት፣ «የቅድሙን ተይው።»

አልቃሿ ወደ ሊቀመንበሩ አየች። እሷም ልጆች ነበሯት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር፤ ቃል ትፈልግ እንደሆነ ወይ ትጸልይ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና አወረደችው።

«ሳይመጣ መጣ ብለው አታለሉብኝ፣
ከጣሪያው ላይ ጥለው ልጄን በሉብኝ።»

መጀመሪያ የተቀበለቻት እናቴ ብቻ ነበረች። ብቻዋን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ። በሁለተኛው አንዲት ሴት ተጨመረች። በሦስተኛው ሁሉም። ትናንት «እውነት ነው» ያሉት ሴቶች በዚያ ደረታቸውን መቱ። ይቅር አላልኳቸውም፤ ግን መቱ። ሊቀመንበሩ ቆቡን አደረገ። ከአግዳሚው ተነሥቶ በሰዉ መሐል ወጣ፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ እንደሚናገረው።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ቴሌቪዥኗ እዚያ ብትገኝ ዘበኛው ነበር የሚጠየቅባት። ስለዚህ መልሼ ተሸከምኳት። እሱም በአንድ ጎኗ ያዘልኝ፤ ሳንነጋገር ወደ አዳራሹ ወሰድናት። ሣጥኑ ውስጥ አስገባኋት፣ ቆለፍኩት፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩ። ድንጋይ ከተነጠፈበት ጎን ሳልሄድ በሌላው በኩል ዞርኩ። ከዚያ ወንድሜን ልቀብር ሄድኩ።